ተረቱ ተረት ይባል፤ ሠሪውም በስሙ ይጠራ

መዝገብ የሚጻፈው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሆነው ነገር እንዳይረሳ፣ ሁለተኛውም ያልሆነው ነገር ሆነ እንዳይባል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ይህን ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልገውም። የደመወዝ መዝገብ የያዘ ጸሓፊ በዚህ ዓለም የሌለ ሰው ስም አስገብቶ ቢገኝ፣ ለጨዋታ ያደረግሁት ነው ብሎ ከጥያቄ አያመልጥም። ወሩን ሙሉ ሲደክም የከረመውን ሠራተኛ ስም ዘልሎ ቢገኝም ጥፋቱ ከፊተኛው አያንስም። የሌለውን መጻፍና ያለውን መዝለል የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሌለው ሰው የሚገባበት መስመር ብዙ ጊዜ ያለው ሰው የወጣበት መስመር ነውና።

ይህን መግቢያ ያደረግነው ስለ ደመወዝ ለመናገር አይደለም። በዘመናችን ከመዝገቦች ሁሉ ሰፊ ስለ ሆነው፣ በኢንተርኔት ስለሚነበበው መዝገበ ዕውቀት፣ ማለት ስለ ውክፔዲያ ለመናገር ነው። ይህ መዝገብ በ2001 እ.ኤ.አ. ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በተባሉ አሜሪካውያን ተመሠረተ። ማንም ሰው ሊጽፍበት፣ የጻፈውንም ሌላው ሰው ሊያርመው የተፈቀደ ነው። የእንግሊዝኛው ክፍል በ2025 እ.ኤ.አ. ከ7 ሚሊዮን ጽሑፍ በላይ ደርሷል፤ የአማርኛው ግን ገና 15 ሺህ ያህል ነው። ስለዚህ የእኛ መዝገብ ገና ግንቡ በመቆም ላይ ያለ ቤት ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ ሲጠረብ ጠማማውን አሁን ማየት ይገባል እንላለን።

የምንሟገትበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ነው። ይኸውም ጎሪላዝ ስለሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ የሚጻፈው ጽሑፍ ነው። የዚህ ጓድ አባላት አራት ናቸው ይባላል፤ ቱዲ የሚባለው ዘፋኝ፣ መርዶክ የሚባለው ቤዝ ጊታር መቺ፣ ኑድል የምትባለው ጊታር መቺ፣ ራስል የሚባለውም ከበሮ መቺ ናቸው። ዳሩ ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ ከሴት አልተወለደም፤ አራቱም የካርቱን ሥዕል ናቸው። የፈጠሯቸው ብለር የሚባለው ጓድ ዘፋኝ ዴመን አልባርንና የካርቱን ሠዓሊው ጄሚ ሂውሌት ሲሆኑ፣ ሐሳቡን የጠነሰሱት በ1998 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ ቤት አብረው ሲኖሩ ነው። በቴሌቪዥን የሚያዩት የሙዚቃ ፊልም ሁሉ መልክና ዝና ብቻ ሆኖ ባዶ ቢሆንባቸው፣ እንግዲያስ ፍጹም ሰው የሌለበት ጓድ እናቁም ብለው ተነሡ። የመጀመሪያው አልበማቸው የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ጓዱና መዝገበ ዕውቀቱ ከሞላ ጎደል እኩዮች ናቸው።

ሠዓሊውና ዘፋኙ ለአራቱ ሥዕሎች ረጅም ታሪክ ደረሱላቸው። በዚያ ታሪክ ኑድል ከጃፓን በሣጥን ታሽጋ መጣች፤ በራስል ሥጋም የሞተ ጓደኛው መንፈስ አድሮበት በእርሱ በኩል ይዘፍን ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መድረክ ሲወጡ ሙዚቀኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው ጥላቸው ብቻ ሲታይ፣ በመጋረጃው ላይ ግን ሥዕሎቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። እኛ ይህን ጨዋታ አንነቅፍም፤ እንዲያውም እናደንቃለን። ሕፃናት ሳለን ስለ ጦጣና ስለ ነብር የተረቱልንን አያቶቻችንን ማን ይነቅፋል? ነገር ግን አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው ጀምረው «ተረቴን መልሱ» ብለው ይጨርሱ ነበር። የተረቱ በር በመግቢያውም በመውጫውም የታወቀ ስለ ነበረ፣ ከነብሩ ጋር አድረን ጧት ወደ ፍየሎቻችን በደኅና እንመለስ ነበር።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር፤ ሌላውን ለመውቀስ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ራሱን ቢወቅስ ይታመናልና። እኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ መንግሥት ሥራ የገባን እንጂ ሊቃውንት አይደለንም። ይሁን እንጂ ማታ ማታ ለአማርኛው መዝገበ ዕውቀት አንዳንድ ነገር መጻፍ ልማድ አድርገናል። ስለ ጎሪላዝም ለመጻፍ ተነሥተን ካነበብነው ሁሉ ቀድተን ረቂቅ አዘጋጀን። «ኑድል ከጃፓን በሣጥን ታሽጋ መጣች» ብለን ጻፍን፤ «መርዶክ ጓዱን መሠረተ» ብለንም ጻፍን። ታሪኩ ጣፋጭ ስለ ነበረ እጃችን አልያዘንም። ረቂቁንም ከማውጣታችን በፊት ያነበው ዘንድ በሰፈራችን ለሚኖር አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሰጠነው።

ልጁ ከጥቂት ቀን በኋላ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኛ መጣ። ረቂቁን ወድዶት ኖሮ በክፍሉ ፊት ስለ አንድ ዝነኛ ሙዚቀኛ ተናገሩ በተባሉ ጊዜ ስለ ኑድል ተናግሮ፣ ሙዚቃውን የሚያውቁት ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁበት። «ጋሼ፣ እርስዎ ጽፈውት አይደለም እንዴ? መምህሩ ምንጭህ ማን ነው ሲሉኝ የእርስዎን ስም ጠራሁ» አለን። እኛም የምንመልሰው አጣን። ልጁ ከሄደ በኋላ ረቂቁን እንደ ገና አወጣንና እንደ ሒሳብ መርማሪ መስመር በመስመር አየነው። ስለ አራቱ ሥዕሎች ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈናል። በመጀመሪያው አልበም ላይ የኑድልን ድምፅ ስለ ዘፈነችው ስለ ጃፓናዊቷ ሚሆ ሃቶሪ ግን አንድ ቃል እንኳ አልጻፍንም። አልበሙን ስላቀናበረው ስለ ዳን ዘ ኦቶሜተር አልጻፍንም። የሙት መንፈስ ዘፈነ ያልነውም ዴል የሚባል አሜሪካዊ ራፕ ዘፋኝ ነበረ፤ ሕያውን ሰው ሙት አድርገን ስሙን ዘለልነው። በደመወዝ መዝገብ ቢሆን ኖሮ አራት የሌሉ ሰዎች ከፍለን ሦስት የደከሙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን መለስን ማለት ነው።

ይህን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጃችን ብንነግረው ሳቀብንና ሦስት ነገር አነሣ። የእርሱ አስተያየት የብዙ ሰው አስተያየት ስለ ሆነ ሦስቱንም በተራ እንመልሳለን።

አንደኛ፣ «ካርቱን መሆኑን ያላወቀ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ምን ማረም ያስፈልጋል?» አለን። ሁሉም ያውቃል የሚለው ቃል ለመዝገብ ትልቁ ጠላት ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ነገ የሚወለደው አያውቀውም፤ መዝገብም የሚጻፈው ለማያውቀው ነው። የቀድሞውን ብናይ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አርቺስ የሚባል የካርቱን ጓድ ሹገር ሹገር በሚለው ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ያን ዘፈን የደረሱት ጄፍ ባሪና አንዲ ኪም፣ የዘፈነውም ሮን ዳንቴ ናቸው። ሕዝቡ ግን አርቺ የሚባለውን ቀይ ጠጉር ሥዕል እንጂ የዘፋኙን መልክ አያውቅም ነበር። ከዚያም በፊት በ1958 እ.ኤ.አ. ሮስ ባግዳሳሪያን የሚባል ሰው ቴፑን አዝግሞ እየቀዳ በፍጥነት በማጫወት የራሱን ድምፅ የትናንሽ አውሬዎች ድምፅ አስመስሎ ቺፕመንክስ የሚባሉትን ዘፋኞች ፈጠረ። ዛሬ የእነዚህን ሰዎች ስም የምናውቀው አንድ ሰው ዐስቦ ስለ መዘገበው እንጂ ሁሉም ስላወቀው አይደለም።

የቀድሞው ቢቀር የትናንቱን እንይ። በ2025 እ.ኤ.አ. ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የሚባል ጓድ ብቅ ብሎ ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማድመጫ በወር ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ አደመጠው። ከጥቂት ሳምንት ክርክር በኋላ ሙዚቃውም ድምፁም መልኩም በሰው ሠራሽ አስተውሎት እርዳታ የተሠራ መሆኑ በገጹ ላይ ተገለጸ። በዚያው መካከል አንድ ሰው የጓዱ ቃል አቀባይ ነኝ ብሎ ጋዜጠኞችን ካታለለ በኋላ፣ ቃል አቀባይ አለመሆኑን ራሱ አመነ። እንግዲህ የጎሪላዝ ተረት ተረትነቱ በግልጽ የታወቀ ነበር፤ የዛሬው ግን ሰው ነኝ እያለ የሚመጣ ነው። በግልጹ ተረት ላይ እጃችንን ያላለማመድን እንደ ሆነ በስውሩ ላይ እንዴት እንበረታለን? ደግሞም ለሚጠየቁት ሁሉ መልስ የሚሰጡት አዳዲስ ማሽኖች ከሚማሩባቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው መዝገበ ዕውቀት ነው። አንድ ሰው የጻፈው ስሕተት ድሮ አንድ ተማሪ ያሳስት ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተቱ በማሽኑ አፍ ተባዝቶ ይነገራል።

ሁለተኛ፣ «ጨዋታው እንዲህ እንዲሆን የፈለጉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» አለን። ይህ ክርክር ጠንካራ ስለሚመስል ቀስ ብለን እንየው። ባለቤቶቹ ተረቱን መድረስ መብታቸው ነው። ነገር ግን ባለተረት ተረቱን ሲናገር የመዝገብ ጸሓፊም አብሮት እንዲተርት አልተቀጠረም። በ2006 እ.ኤ.አ. የጎሪላዝ የሕይወት ታሪክ የተባለ መጽሐፍ ታትሟል፤ በውስጡ አራቱ ሥዕሎች ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። መጽሐፉን የጻፈው ግን በመድረክ ላይ ከበሮ ይመታላቸው የነበረው ካስ ብራውን ነው። ይህ መጽሐፍ ተረቱ ምን እንደሚል ለማስረዳት ጥሩ ምንጭ ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን ምንጭ ሊሆን አይችልም። አንድ ተከሳሽ ስለ ራሱ የሰጠውን ቃል ዳኛው ይመዘግበዋል እንጂ ፍርድ አድርጎ አያነበውም።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ኑድልን እንደ ሕያው ሰው አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሠዓሊውን ያከበረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚዘርፈው ሠዓሊውን ነው። ኑድል በራሷ የተወለደች ከሆነች ጄሚ ሂውሌት ምን ሠራ? መልኳን ያሰበው፣ ዓመት በዓመት ያሳደጋት፣ ልብሷንና አቋቋሟን የለወጠው የእርሱ እጅ ነው። መርዶክ በራሱ የሚናገር ከሆነ ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ፊል ኮርንዌል ወዴት ሄደ? ሥዕሉን ሥዕል ማለት ውርደት ሳይሆን የሠዓሊው ክብር ነው። እንዲያውም ባለቤቶቹ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው፤ በአልበሞቻቸው ላይ ያቀነባበረውንና የዘፈነውን ሰው ስም ያትማሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. ባደረጉትም ጉዞ መጋረጃው ተገልጦ ሙዚቀኞቹ በሕዝብ ፊት ቆመው ተጫውተዋል። ባለቤቱ የገለጠውን መጋረጃ መዝገብ ጸሓፊ መልሶ ቢዘረጋው ትርፉ ምንድን ነው?

ሥዕል አያረጅም፣ አይሞትም። ፊል ጉድ ኢንክ በሚለው ዘፈናቸው በ2006 እ.ኤ.አ. የግራሚ ሽልማት ሲያገኙ አብሯቸው የተሸለመው ደ ላ ሶል የሚባለው የሦስት ሰዎች ጓድ ነው፤ ከእነዚያ ሦስቱ አንዱ ዴቪድ ጆሊኮር በ2023 እ.ኤ.አ. ዐርፏል። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበማቸው ላይ የዘፈነው ታላቁ ቦቢ ዎማክም በ2014 እ.ኤ.አ. ዐርፏል። መርዶክ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ወደፊትም ይኖራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ያባቶቻችን ቃል ለእነማን እንደ ተነገረ እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። መቃብር የሌለው ሥዕል ከመቃብር በላይ የሚውል ስም አያስፈልገውም፤ ያስፈልጋቸው የነበረው ለሞቱት ነው።

ሦስተኛ፣ ወዳጃችን እንዲህ አለ፤ «የአገራችን ወንዝና ተራራ፣ የአገራችን ደራሲና መምህር በአማርኛው መዝገብ ሳይጻፍ ስለ እንግሊዝ ካርቱን መጨቃጨቅ ጠብ ያለሽ በዳቦ አይደለም ወይ?» ከሦስቱ ይህ ልባችንን የነካው ነው፤ ግማሹንም እውነት ነው ብለን እንቀበላለን። አዎን፣ ስለ ራሳችን ይልቁን እንጻፍ፤ በዚህ ማንም አይቀድመንም። ነገር ግን የአገራችንን ነገር የምንጽፈው በየትኛው እጅ ነው? ስለ ኑድል «ተባለ» እና «ሆነ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳይለይ የጻፈ እጅ፣ ስለ አያቱም ሲጽፍ አይለያቸውም። እንዲያውም በካርቱን ላይ መሳሳት የሚያስከትለው ሳቅ ነው፤ በአገር ታሪክ ላይ መሳሳት ግን ጠብ ያስከትላል። እጅ በቀላሉ ነገር ላይ ተለማምዶ ወደ ከባዱ ቢሻገር ይሻላል።

የሠሪ ስም መዝለልም ለእኛ እንግዳ ደዌ አይደለም። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ መልክ በጉልህ ታትሞ፣ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው ግን በጥቃቅን ፊደል የሚገባበት ወይም ጭራሹን የሚቀርበት ጊዜ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ ተጽፏል፤ ሕጉን በየቀኑ የሚፈጽመው ግን መዝገብ ጸሓፊ ነው። ስለ አንድ ዘፈን በአማርኛው መዝገብ የሚጽፍ ወጣት የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፎ ቢተው፣ ሥዕል ሳይኖር የሥዕል ጓድ አቋቋመ ማለት ነው።

እንግዲህ ወቅሰን ብቻ ብንተው ሥራችን ጎዶሎ ስለሚሆን፣ እንዴት መጻፍ እንደሚገባም እንናገር። ውክፔዲያ ራሱ ስለ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው በልብ ወለዱ ውስጥ ሆኖ ሳይሆን በእውነተኛው ዓለም ቆሞ ይጻፍ የሚል መመሪያ አለው። ስለዚህ የጽሑፉ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ጓዱ የተፈጠረ መሆኑን፣ ማን እንደ ፈጠረውና መቼ እንደ ፈጠረው ይናገር። ተረቱ ለብቻው በራሱ አርእስት ሥር ይግባ፤ እዚያም «በታሪኩ መሠረት» ወይም «በተረቱ እንደሚባለው» የሚል ቃል ደጃፉ ላይ ይቁም። ለእያንዳንዱም ሥዕል የሳለው፣ የዘፈነለትና የተናገረለት ሰው ስም አጠገቡ ይጻፍ። ምንጩ በግርጌ ይመልከት፤ ምንጭ ያልተገኘለት ነገር ምንም ቢጣፍጥ ይውጣ። ሌላው ሰው ያረመብንም እንደ ሆነ ቂም አንያዝ፤ የውክፔዲያ መዝገብ የቀድሞውን ጽሑፍ ሁሉ ከነጸሓፊው ስለሚያስቀምጥ፣ ክርክር ካለ በመወያያው ገጽ ላይ በጨዋነት ይነገር። አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ፣ እርሱም መልሶ እየጻፈ ሲፋለሙ ማደር የዕውቀት ሥራ ሳይሆን የልጅ ጠብ ነው።

መምህራንን የምንለምነው ይህን ነው፤ ተማሪው ከመዝገበ ዕውቀት ቀድቶ ሲመጣ አትሳቁበት፤ ይልቁንም «ይህን ማን አለ? ሆነ ነው ወይስ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ተማሪዎች የሚያስቅ ስሕተት ባገኛችሁ ጊዜ ስቃችሁ አትለፉ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን ማረሚያም ነው። የሥራ ባልደረቦቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ቀን በመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ላይ የምታሳዩትን ጥንቃቄ ማታ ለሕዝብ መዝገብ ጥቂት አበድሩት።

እኛም ያን ረቂቅ ቀደን አልጣልነውም፤ እንደ ገና ጻፍነው። አሁን በሚሆ ሃቶሪና በዴል፣ በሂውሌትና በአልባርን ስም ይጀምራል፤ የሣጥኑም ታሪክ በሦስተኛው አርእስት ሥር «በተረቱ እንደሚባለው» ከሚለው ቃል በኋላ ገብቷል። የሚያስቀው ነገር፣ ተረቱ ተረት ከተባለ በኋላ ጣዕሙ አልቀነሰም። ለዚያ ልጅም መጀመሪያ ያነበብነው ለእርሱ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ታዲያ ይቺ ሚሆ የሚሏት የራሷ ዘፈን አላት?» ብሎ ጠየቀን። ትናንት ስለ ሥዕል ዕድሜ ይጨነቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ስለ ሰው ሥራ ጠየቀ። መዝገብ እውነት የሆነ ቀን ጥያቄው ራሱ ወደ ሰው ይመለሳል፤ እኛም የምንሟገተው ስለዚሁ ነው።